የፎቶ ማህደራችሁን ሶፍትዌር አፕግሬድ ልታደርጉ ከሆነ፣ መጀመሪያ የእኛን ስሙ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «መሐል ሜዳ ያለን ፎቶ አንሺዎች ሥራችንን አንድ ላይ የምናስቀምጥበት የኢንተርኔት ማህደር አለን። ሶፍትዌሩ አርጅቷል። ወደ አዲሱ ቨርዥን ላሻግረው ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?» ነው ያልከው። እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። የእኛም ማህደር ልክ እንደናንተው ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አሥራ አራት ሆነን የሞላነው ነው። የጓሳ ጭላዳ አለ፣ የጣርማ በር ጉም አለ፣ የሞላሌ ገበያ አለ፣ የመንዝ ሰርግ አለ። አፕግሬዱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። አንተ እንዳትደግመው ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ማውረዱንና መጫኑን አልነግርህም፤ እሱን ታውቀዋለህ።

1. ጊዜ ምረጥ። ጥር ላይ እንዳትነካው። ጥር የሰርግ ወር ነው፣ ጥምቀትም አለ። ሁሉም አባል ፎቶ የሚጭነው ያኔ ነው፤ አንተም ካሜራ አንግተህ ስትዞር ነው የምትውለው። ለእኛ ሙያ የሚሻለው ዓቢይ ጾም ነው። ሰርግ የለም፣ ሰው ይገኛል፣ አንድ ነገር ቢበላሽ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ማስተካከል ይቻላል። እኛ ይህን አጥተነው አይደለም። ማህደራችን የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ ይባላል፤ የእሱ ቨርዥን 7.4 ድጋፉ ያበቃው ኅዳር 2015 ላይ ነው። ሰርቨር ያከራየን ድርጅት «በቅርቡ ወደ 8 እናሻግራችኋለን» ብሎ መልእክት ላከ። አሮጌው ሶፍትዌራችን ደግሞ 8 ላይ አይሠራም። ደነገጥኩና ጥር 6 ሌሊት ገባሁበት። ቀኑን እንዲያራዝሙልኝ ብጠይቅ ኖሮ ሊያራዝሙልኝ ይችሉ ነበር። አልጠየቅኩም። አንተ ጠይቅ።

2. ባክአፕ። አዎ፣ ሁሉም ሰው ባክአፕ አድርግ ይላል። እኔም አድርጌ ነበር። ፎቶዎቹን በሙሉ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። አንዱን ቤቴ፣ አንዱን ጓደኛዬ ስቱዲዮ አስቀመጥኩ። እንደኔ የተጠነቀቀ ሰው የለም ብዬ አምኜ ነበር። የፎቶዎቹ መግለጫ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ ግን ለብቻው አላወጣሁትም። ድርጅቱ በየሌሊቱ ራሱ ባክአፕ ስለሚያደርግ ይበቃል አልኩ። የሰባት ቀን ቅጂ ብቻ እንደሚይዝ አላጣራሁም።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወውና የሆነውን ልንገርህ። ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

የጀመርኩት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። ማንም ማህደሩን የማይነካበት ሰዓት ስለሆነ ነው። የደብረ ብርሃንን የጥር ብርድ ታውቀዋለህ፤ ጋቢ ደርቤ ተቀምጫለሁ። አፕግሬዱ ግማሽ ላይ ደርሶ ቆመ። ኤረር አወጣ። የጽሑፉ ይዘት ትክክል አይደለም ይላል፤ የጠቀሰው የፎቶ መግለጫ የሚጻፍበትን ቦታ ነው። ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። አንዱ «የዳታቤዙን ስትሪክት ሞድ አጥፋው፣ ያልፋል» ብሎ ጽፏል። ስትሪክት ሞድ ማለት ዳታቤዙ የማይቀበለው ጽሑፍ ሲመጣ ሥራውን የሚያስቆም ቅንብር ነው። አጠፋሁት። አለፈ። ፎቶዎቹ ፏ ብለው መጡ። አዲሱ ገጽታ ያምራል፣ ፍጥነቱም ሌላ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ያ ኤረር ምን እያለኝ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። «ይህን ፊደል የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም» እያለኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ማይኤስኪውኤል እስከ ቨርዥን 5.7 ድረስ ሌላ ካልነገርከው በስተቀር አዲስ ቴብል (ጽሑፉ የሚቀመጥበትን ሰንጠረዥ) የሚፈጥረው ላቲን-1 በሚባለው የፊደል ስብስብ ነው። ላቲን-1 የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው የሚያውቀው። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ቋንቋዎችን ፊደሎች አንድ ላይ በሚይዘው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዩኒኮድ ኮምፒውተር ላይ በሚጻፍበት በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። አሮጌዎቹ ቴብሎች ዩቲኤፍ-8 ነበሩ። አፕግሬዱ አዳዲስ ቴብሎች ፈጠረ፣ እነሱ ግን ላቲን-1 ሆነው ተፈጠሩ። ጽሑፉን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሊገለብጥ ሲል ቦታ አጣ። ስትሪክት ሞድ በርቶ ቢሆን ኖሮ እንደቆመ ይቀር ነበር፤ ምንም ሳይጠፋ። እኔ ሳጠፋው ግን እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተካው። ከዚያ አሮጌውን ቴብል ሰረዘው።

ፎቶዎቹ ስላማሩ መግለጫ አላነበብኩም። ጥምቀት መጣ፣ ከዚያ ደብረ ሲና ሰርግ ነበረኝ። ጥር 18 ቀን ሸዋሮቢት ያለ አባላችን ደወለ። «የከተማዬ ስም አምስት የጥያቄ ምልክት ሆኗል» አለኝ። ከፈትኩት። ሞላሌ ሦስት ጥያቄ ምልክት። አንኮበር አምስት። ከ6,000 በላይ መግለጫ፣ የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ቀን፣ ሁሉም ጥያቄ ምልክት። አፕግሬዱ ከተሠራ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። የድርጅቱ ሰባት ቅጂዎች በሙሉ የተበላሸውን የያዙ ናቸው።

ለድርጅቱ ስልክ ደወልኩ። ያነሳው ሰው «ባክአፕ የደንበኛው ኃላፊነት ነው፣ ውሉን አንብብ» አለኝና ዘጋው። ዘጋው ስልህ ከልቤ ነው። ንግግሬን አልጨረስኩም ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ መኪና ያዝኩ፤ 130 ኪሎ ሜትር ሄድኩ፤ አዲስ አበባ ገብቼ ከላምበረት ታክሲ ይዤ ቢሯቸው በሩ ሳይከፈት ደረስኩ። እስከ ምሳ ሰዓት አስቀመጡኝ። ከዚያ አንዱ ቀና ሳይል «ባለሙያው ዛሬ የለም፣ ነገ ተመለስ» አለኝ። ከደብረ ብርሃን ነው የመጣሁት አልኩት። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። በማግስቱም ሄድኩ። የቆየ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ይኖር እንደሆነ ብቻ ነበር የምጠይቀው። አንድ ሰው ተነስቶ አላየልኝም። የለም ቢሉኝ እንኳ አይተው «የለም» ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለምን እንዲህ እንደተቃጠልኩ ልንገርህ። ፎቶ ሁለተኛ ቅጂ አለው። ቃል ግን የለውም። ላሎ ምድር አንድ አባት ነበሩ። አርባ ያህል የመልክዓ ምድር ፎቶ አሳይቻቸው የየገደሉን ስም፣ የምንጩን ስም፣ የግጦሹ መሬት የማን እንደነበር አንድ በአንድ ነግረውኛል። ሁሉንም መግለጫው ላይ ጽፌው ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን እሳቸው ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። የእነዚያን ምንጮች ስም አሁን ከማን ልጠይቅ?

ከዚያ የዳነው በምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ለአንተም ይጠቅማል። ሁለት አባሎቻችን ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነበር የሚጠቀሙት። መግለጫውን መጀመሪያ እዚያ ጽፈው ነው ፎቶውን የሚያወጡት። እንዲህ ሲሆን ጽሑፉ ፎቶው ፋይል ውስጥ፣ ኤክስኤምፒ በሚባለው ክፍል ይቀመጣል፤ እሱ ዩኒኮድ ስለሆነ አማርኛውን ምንም አይነካውም። ኤግዚፍቱል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። በሃርድ ዲስኮቹ ላይ አስኬድኩትና ከ2,400 ፎቶ መግለጫው ሙሉ በሙሉ ወጣ። አለቀስኩ ማለት ይቻላል። የቀረውን ላፕቶፕና የታተመ ፎቶ ይዘን በየቦታው ዞርን። መሐል ሜዳም መጥተናል፤ ምናልባት ያኔ አይተኸን ይሆናል። ሰዎች የራሳቸውን የሰርግ ፎቶ እያዩ ስም ሲነግሩን ቀኑ ይመሽ ነበር። ዓመት ተኩል ፈጀ። ዛሬ ስም የሌላቸው ሰባት መቶ ያህል ናቸው የቀሩት። ይህን የሠራ ቡድን አባል በመሆኔ እኮራለሁ፤ ማንም አልከፈለንም።

ስለዚህ አንተ እንዲህ አድርግ።

ከሁሉ በፊት፣ አፕግሬዱን ሳትነካ፣ ዳታቤዙ ውስጥ ያሉትን መግለጫዎች በኤግዚፍቱል ወደየፎቶው ፋይል ውስጥ ጻፋቸው። አንድ ቀን ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ዳታቤዙ ቢቃጠል እንኳ ቃሉ ከፎቶው ጋር ነው።

ዳታቤዙን ራስህ አውጣ፣ ወደ ላፕቶፕህም አውርደው። ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም። ካወረድከው በኋላ ላፕቶፕህ ላይ ባዶ ዳታቤዝ ፍጠርና መልሰህ ጫነው። ከዚያ መግለጫዎቹን ክፈትና በዓይንህ አንብብ። ሃያ አንብብ። ፋይሉ ትልቅ መሆኑን አይተህ አትመን።

አፕግሬዱንም መጀመሪያ እዚያው ላፕቶፕህ ላይ ባለው ቅጂ ሞክረው። የዳታቤዙን የፊደል ስብስብ አስቀድመህ ዩቲኤፍ-8 ኤምቢ4 (utf8mb4) አድርገው። ለአማርኛ ሦስት ባይቱ ይበቃል፤ አባላት ኢሞጂ ከጻፉ ግን አራት ያስፈልጋል። ማይኤስኪውኤል 8 ራሱ ኤምቢ4ን ነው የሚያስቀድመው። ቢሆንም ከድሮ የመጣ ዳታቤዝ የድሮውን ቅንብር ይዞ ስለሚመጣ አትዘናጋ።

ኤረር ካወጣ ቁም። ስትሪክት ሞድን ማንም ቢልህ አታጥፋ።

ፊደሉ ተበላሽቶ ካየህ ደግሞ አይነቱን ለይ። በእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ቦታ ሦስት ሦስት የተዘበራረቁ የላቲን ምልክቶች ከመጡ አትደንግጥ። ባይቶቹ አሉ፣ የተነበቡት በተሳሳተ መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ መግለጫው ያለበትን የቴብሉን ዓምድ መጀመሪያ ወደ ባይነሪ (ጥሬ ባይት)፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ-8 በመቀየር ይመለሳል። አንድ ፊደል አንድ ጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ እዚያ ቦታ ላይ የለም፤ ጠፍቷል። ወዲያው ሁሉንም አቁምና ወደ ባክአፕህ ሂድ። አሥራ ሁለት ቀን አትጠብቅ።

መብራትና ኔት እንደምታውቀው ነው። አፕግሬዱ በመካከል እንዳይቋረጥብህ ሰርቨሩ ላይ «ስክሪን» በሚባለው ትእዛዝ ውስጥ አስጀምረው። ላፕቶፕህ ቢጠፋም እዚያ ሥራውን ይቀጥላል። ደግሞ አባሎቻችሁ እንደኛዎቹ የፋይል ስም ላይ ታሪክ የሚጽፉ ከሆነ፣ ሊኑክስ ላይ የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። በእኛ ፊደል 85 መሆኑ ነው። ከዚያ የረዘመው ሲገለበጥ ሊቀር ይችላል።

ካለቀ በኋላ ማህደሩን ለሁሉም ሳትከፍት አምስት አባላት ጥራ። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይክፈት፣ የራሱን መግለጫ ያንብብ። እኔ ያንን አድርጌ ቢሆን ኖሮ የሸዋሮቢቱ ልጅ ጥር 18 ያየውን ጥር 7 ጠዋት ያየው ነበር፤ ቅጂውም ገና በእጃችን ነበር።

ዳታቤዙን ስታወጣ የፊደል ስብስቡ ምን እንደሚል በውስጥ መስመር ላክልኝ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ አለሁ። በላሎ ምድር በኩል የምንጭና የገደል ስም የሚያውቁ አዛውንት ካሉህ ደግሞ ንገረኝ፤ አርባዎቹን ፎቶዎች ይዤ እመጣለሁ።