ግሬድ 3 ማለት የመጨረሻ ደረጃ ማለት አይደለም

እህቴ፣ የእናትሽ የጡት ካንሰር ባዮፕሲ (የተወሰደው ናሙና ምርመራ) ውጤት ላይ «ግሬድ 3» የሚል አይተሽ «በሽታው ጊዜ አልፎበታል ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ልደታ አካባቢ ባለ የፓቶሎጂ ላብራቶሪ ናሙና አዘጋጃለሁ። ወረቀቱን እንደያዙ መስኮታችን ላይ ቆመው ይህንኑ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። አይደለም፣ ጊዜ አልፎበታል ማለት አይደለም።

በሽታው የት ድረስ እንደሄደ የሚታወቀው በእጢው መጠን፣ የብብት ንፍፊቶች በመነካታቸውና ወደ ሌላ አካል በመዛመቱ ነው። ግሬድ የሴሎቹን ጠባይ ነው የሚናገረው። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ሦስት ነገር ያያል፦ ሴሎቹ የቱቦ ቅርጽ መሥራት ችለዋል ወይ፣ ኒውክለሳቸው (የሴሉ እምብርት) ምን ያህል ተዛብቷል፣ ስንቶቹስ እየተከፈሉ ነው። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 8 ወይም 9 ከመጣ ግሬድ 3 ነው። ስለዚህ ገና ትንሽ የሆነ፣ ብብት ያልደረሰ እጢም ግሬድ 3 ሊባል ይችላል። ቶሎ ስለሚባዛ ቀጠሮ አይገፋበትም። ደግሞ ቶሎ የሚባዛ ሴል ብዙ ጊዜ ለኬሞ የተሻለ ምላሽ ይሰጣል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በጻፍሽው ውጤት ውስጥ የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ተቀባዮች፣ እንዲሁም የሄር-2 (ሴሉ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን) ምርመራ የለም። ያለ እነሱ የእናትሽን ነገር ማንም ደፍሮ ሊናገር አይችልም። ኢስትሮጅን ተቀባይ ያለው ሴል ስናቀልመው ኒውክለሱ ቡናማ ይሆናል፣ የሌለው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ከመቶ አንዱ ሴል እንኳ ቡናማ ከሆነ እንደ ታሞክሲፈን ያለ ሆርሞኑን የሚያግድ ክኒን ሊታሰብ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል፣ ደህና ነኝ ብሎ ክኒኑን ማቋረጥ አይገባም። ሄር-2 «3+» ከሆነ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት አለው። «2+» ከሆነ ግን ገና አልተወሰነም፣ ፊሽ የሚባል ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ሦስቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክትትል ጠበቅ ይላል። እዚያም ቢሆን በእጢው ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች በብዛት ከታዩ ጥሩ ምልክት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለሚያናድደኝ ነው። አንዳንዴ ከሩቅ የመጣ ናሙና በፌስታል ተጠቅልሎ እጃችን ይገባል። ስከፍተው ናሙናው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ፣ ግማሹን እንኳ አልሸፈነውም። ቲሹው ቶሎ በበቂ ፎርማሊን ካልተነከረ ይበላሻል። ያኔ ሆርሞን ተቀባይ ያለው እጢ «ኔጌቲቭ» ተብሎ ይጻፍና ሴትዮዋ የሚገባት ክኒን ይቀርባታል። ናሙና ይዛችሁ የምትሄዱ ሁሉ፣ ዕቃው ላይ ስምና የተወሰደበት ሰዓት መጻፉን፣ ቲሹውም ሙሉ በሙሉ መጥለቁን ሳታዩ አትውጡ።

አሁን ባዮፕሲው የተሠራበት ቦታ ሄደሽ የሰም ብሎኩን፣ ማለትም ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀመጠበትን፣ ጠይቂ። ከተቀመጠው ብሎክ ላይ በስሱ ተቆርጦ ሦስቱም ምርመራ ሊሠራ ስለሚችል፣ አብዛኛውን ጊዜ እናትሽን እንደገና መርፌ መውጋት አያስፈልግም። ብሎኩን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዪው። ውጤቱ ሲመጣ ከቀዶ ጥገናው በፊት የካንሰር ሐኪም ይየው። ሄር-2 ፖዘቲቭ ከሆነ ወይም ሦስቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ኬሞው የሚቀድምበት ሁኔታ አለ።