ልጃችሁን ከመጠራጠር በፊት ጥናቱን መርምሩት

ልጁ እናቱን ሲያይ ስላልሮጠ፣ ወይም ከአያቱ አልለይ ስላለ ብቻ «ጥናት እንደሚለው ቁርኝቱ ችግር አለበት» የሚባሉ ወላጆች በውጭ አገር ብዙ ናቸው። ቁርኝት የሚባለው ልጁ ከሚንከባከበው ሰው ጋር ያለው የስሜት ትስስር ነው። ከመደንገጣችሁ በፊት ጥናቱ ምን እንደለካ እወቁ።

የቁርኝት ጥናት ዋና መለኪያ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስወርዝ በአሜሪካ ባልቲሞር ያዘጋጁት ፈተና ነው። ከ12 እስከ 18 ወር ዕድሜ ያለው ሕፃን ከእናቱ ጋር ወደማያውቀው ክፍል ይገባል፤ እንግዳ ሰው ይመጣል፤ እናት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው እስከ ሦስት ደቂቃ፣ ወጥታ ትመለሳለች። ሁሉም በ20 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ዋናው ሚዛን የልቅሶው ብዛት አይደለም፤ እናት ስትመለስ የሚሆነው ነው። ይጠጋታል? ተጽናንቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል? ፊቱን ያዞርባታል? ወይስ እቀፊኝ እያለ ይገፋታል? ስለዚህ «በጣም ስላለቀሰ ቁርኝቱ ደካማ ነው» የሚል ሰው ፈተናውን አያውቀውም።

ፈተናው የሚሠራው መለየቱ ልጁን በመጠኑ ሲረብሸው ነው። ከእናቱ ተለይቶ ለማያውቅ ልጅ ግን ያቺ ሦስት ደቂቃ ከባድ ድንጋጤ ትሆናለች፤ ያኔ የሚለካው ቁርኝቱ ሳይሆን ድንጋጤው ሊሆን ይችላል። በጃፓን ሳፖሮ 60 ሕፃናት ሲፈተኑ እናቱን የሸሸ (ስትመለስ ፊቱን ያዞረባት) አንድም አልተገኘም፤ በጀርመን ቢለፌልድ ግን ግማሽ ያህሉ ሸሽተዋል። ይህን አይቶ «የጃፓን እናት እንዲህ፣ የጀርመን እናት እንዲያ» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የ8 አገሮች ማጠቃለያ በአንድ አገር ውስጥ ያለው ልዩነት በአገሮች መካከል ካለው እንደሚበልጥ አሳይቷል። እኛንም በጅምላ ለሚፈርጅ ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ቁጥሩንም አትለፉት። እናት ለልጇ ምልክት ፈጥና በትክክል መመለሷ ከቁርኝቱ ጋር ያለው ተዛምዶ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ 0.24 ነበር (0 ማለት ምንም ተዛምዶ የለም፣ 1 ማለት ፍጹም ተዛምዶ ነው)። ሲሰላ በልጆች መካከል ያለውን የቁርኝት ልዩነት 6 በመቶ ያህል ብቻ ያብራራል። ግንኙነቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከልጁ ሁኔታ ተነሥቶ እናቲቱን ለመውቀስ አይበቃም።

ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) የሚያስጨንቃችሁ ካላችሁ፣ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከ1,100 በላይ ሕፃናት ላይ የታተመውን ጥናት አስታውሱ። ዴይኬር መዋል ብቻውን ቁርኝትን አላበላሸም። ችግሩ የታየው እናት ለልጁ ምልክት እምብዛም ምላሽ የማትሰጥ ሆና፣ በዚያ ላይ የዴይኬሩ ጥራት ሲጎድል፣ ሰዓቱ ሲበዛ ወይም ተንከባካቢው ሲቀያየር ነው። ስለዚህ ዴይኬር ስትመርጡ አንድ ሠራተኛ ስንት ሕፃን እንደሚይዝና ሠራተኞቹ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ ጠይቁ።

በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ ጉዳዩ ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ወይም ወደ ፍርድ ቤት ሲደርስ ነው። ፈተናው የተሠራው ቡድኖችን ለማነጻጸር እንጂ አንድን ልጅ ለመመርመር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የዘርፉ ተመራማሪዎች በጋራ ባወጡት ጽሑፍ «የተዘበራረቀ ቁርኝት» የሚለውን ምድብ (ልጁ ለተንከባካቢው ግራ የተጋባ ወይም እርስ በርሱ የሚጋጭ ጠባይ ሲያሳይ የሚሰጥ ነው) ለልጅ ጥበቃ ውሳኔ እንደ ማስረጃ መጠቀምን ተቃውመዋል። ሪፖርት ሲሰጣችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፦ በየትኛው መለኪያ ነው የተለካው? ነጥቡን የሰጠው ሰው በዚያ መለኪያ ሠልጥኖ ብቃቱን አረጋግጧል? ቪዲዮውን ቤተሰቡን የማያውቅ ሁለተኛ ሰው አይቶታል? ልጁን በዋናነት የምትንከባከበው አያቱ ከሆነች እሷ ተካትታለች? ቋንቋው ካስቸገራችሁ በዘመድ ሳይሆን በባለሙያ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መልሱም ከልጁ ፋይል ጋር እንዲያያዝ አድርጉ።