የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የባለቤቶች ማኅበር የተከራይን መኪና ማስነሣት ይችላል?

ጥያቄ

የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ እኔና ባለቤቴ ቱሉ ዲምቱ በሚገኝ የኮንዶሚኒየም መንደር ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን ከገባን አራት ወራችን ነው። ባለቤቴ በአሮጌ ቪትዝ የታክሲ ሥራ ይሠራል፤ ከገባንበት ቀን ጀምሮ መኪናውን የሚያቆመውም ከብሎካችን ፊት ለፊት ባለው ክፍት ቦታ ነበር። ባለፈው እሑድ ጠዋት ሲወርድ መኪናው የለም። ተሰረቀ ብለን ፖሊስ ጣቢያ ካመለከትን በኋላ፣ የባለቤቶች ማኅበሩ ኮሚቴ ሌሊት በክሬን አስነሥቶ ከመንደሩ ጀርባ ወዳለ ጋራዥ እንዳስወሰደው ከጥበቃዎቹ አንዱ ነገረን። ኮሚቴው እንደሚለው፣ ማኅበሩ በስብሰባ ወስኖ ቦታዎቹን ኮብልስቶን ለማንጠፍ ገንዘብ ላዋጡ ባለቤቶች በቁጥር አከፋፍሏል፤ የማኅበሩ ተለጣፊ የሌለው መኪናም ይነሣል። ይህን የነገረን ሰው የለም፤ ቦታው ላይም የተለጠፈ ማስታወቂያ የለም። አሁን ለክሬን 4,000 ብር፣ ለቅጣት 2,000 ብር፣ ለማቆያ ደግሞ በቀን 300 ብር ክፈሉ ተብለናል፤ ደረሰኝ ስንጠይቅ «አንሰጥም» አሉን። የፊት ፓራውልቱም ተሰንጥቋል። አከራያችን ውጭ አገር ናቸው፤ ወኪላቸው «የመኪናው ጉዳይ የራሳችሁ ነው» ብለውናል። ያልሰማነው ደንብ ያስገድደናል? እንክፈል ወይስ እንክሰስ?

ተከራዮች፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ጠያቂያችን፣ የመኪናው መያዝ የቤታችሁ ገቢ መቆም እንደሆነ ስለምንረዳ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንጀምራለን። ክርክሩን ከመጀመርዎ በፊት መኪናውን ያስወጡ። ማኅበሩ ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር የማቆያው ሒሳብ ይጨምራል፤ ባለቤትዎም ከሥራ ውጭ ሆነው ይቆያሉ። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚከፈልበት መንገድ ከገንዘቡ መጠን ይበልጥ ያሳስበናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2164 ያለ ዕዳው የከፈለ ሰው የከፈለውን ማስመለስ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 2165 ግን መክፈል እንደማይገባው እያወቀ በፈቃዱ የከፈለ ሰው ገንዘቡን መልሶ መጠየቅ እንደማይችል ይናገራል። ስለዚህ ዝም ብለው ከፍለው ቢወጡ፣ ነገ «ወደው ነው የከፈሉት» የሚል መከራከሪያ ይቀርብብዎታል። በአንድ ወረቀት ላይ «ይህን ገንዘብ የምከፍለው መኪናዬን ለማስለቀቅ ስለተገደድኩ ነው፤ ዕዳ እንዳለብኝ አላመንኩም፤ የማስመለስ መብቴም የተጠበቀ ነው» ብለው ይጻፉ፤ አንዱን ቅጂ ለኮሚቴው ይስጡ፣ በሌላው ላይ ያስፈርሙ። አንፈርምም ካሉ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይስጧቸው። ደረሰኝ የማይሰጡ ከሆነም ገንዘቡን በእጅ አይስጡ፤ በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ያስገቡና የከፈሉበትን ምክንያት በማስገቢያው ቅጽ ላይ ይጻፉ። የማኅበሩን ሒሳብ ትተው በአንድ የኮሚቴ አባል የግል ሒሳብ አስገቡ የሚሉዎት ከሆነ፣ ይህ ራሱ ለፖሊስ የሚነገር ጉዳይ ነው።

ወደ ጋራዡ ከመሄድዎ በፊት ግን ያመለከቱበት ፖሊስ ጣቢያ ተመልሰው መኪናው መገኘቱንና ማን እንደወሰደው ያስመዝግቡ። ይህ ካልሆነ ባለቤትዎ በሚያሽከረክሩበት ጊዜ መኪናው እንደተሰረቀ ተቆጥሮ መንገድ ላይ ሊያዝባቸው ይችላል፤ በሌላ በኩል ምዝገባው መኪናው የተወሰደው ያለ እናንተ ፈቃድና ያለ ማስታወቂያ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ያልሰማችሁት ደንብ ያስገድዳችሁ እንደሆነ ለጠየቁት፣ መልሳችን በከፊል አዎን ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የባለቤቶች ማኅበራት የጋራ መጠቀሚያዎችን እንዲያስተዳድሩና በመተዳደሪያ ደንብ እንዲመሩ አድርጓል። የእናንተ የመጠቀም መብት የመጣው ከአከራያችሁ ስለሆነ፣ ከእርሳቸው መብት ሊሰፋ አይችልም፤ እርሳቸውን የሚገድብ ደንብ በቦታው አጠቃቀም ረገድ እናንተንም ይነካችኋል። ነገር ግን አንድ ቦታ ለእገሌ ተመድቧል ማለትና በዚያ ቦታ የቆመን የሰው መኪና በሌሊት አንሥቶ መውሰድ ፈጽሞ የተለያዩ ሥልጣኖች ናቸው፤ ብዙ ኮሚቴዎች የሚሳሳቱትም የመጀመሪያው ሲኖራቸው ሁለተኛው አብሮ ያለ ስለሚመስላቸው ነው። ስለዚህ የመተዳደሪያ ደንቡን ቅጂና ውሳኔው የተላለፈበትን ቃለ ጉባኤ በጽሑፍ ይጠይቁ። መኪና ስለማስነሣትም ሆነ ስለ ቅጣት በደንቡ ውስጥ ምንም ካልተጻፈ፣ ኮሚቴው 2,000 ብሩን የጠየቀው ከየት አምጥቶ እንደሆነ ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ቦታው በእርግጥ የማኅበሩ የጋራ መጠቀሚያ መሆኑንም በወረዳው ያጣሩ፤ የከተማው መንገድ ከሆነ በዚያ ላይ የቆመን መኪና የሚቆጣጠሩት የትራፊክ ፖሊስና የከተማው የትራፊክ ባለሥልጣን እንጂ የባለቤቶች ኮሚቴ አይደለም።

ኮሚቴው መኪናውን አልለቅም ካለ ወይም የክፍያውን ጉዳይ በስምምነት መጨረስ ካልተቻለ፣ የሚረዳችሁ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ነው። ሰዎች በተለምዶ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚሉት ክስ የሚመሠረተው በዚህ አንቀጽ ነው። ይዞታው የተነጠቀበት ወይም የታወከበት ሰው ንብረቱ እንዲመለስለትና ኪሣራ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል፤ ክሱም ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሕጉ የሚጠብቀው በእጁ የያዘውን ሰው ስለሆነ፣ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ቢሆንም እንኳ ባለቤትዎ ከሳሽ ከመሆን አይታገዱም። ከሁሉ የበለጠው ደግሞ፣ ተከሳሹ ለድርጊቱ የሚያበቃ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካላስረዳ በስተቀር ፍርድ ቤቱ ንብረቱ እንዲመለስ ማዘዝ ያለበት መሆኑ ነው። አንድም ማስታወቂያ ሳይለጥፍ፣ አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ፣ አራት ወር ሙሉ ሲቆም ያየውን መኪና ያስነሣ ኮሚቴ ይህን በቀላሉ ያስረዳል ብለን አናምንም።

የባለቤቶቹንም ብሶት ግን አናቃልልም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት መንደር የውኃ ቦቴ መግቢያ ሲያጣ፣ ወይም በእሳት ጊዜ የእሳት አደጋ መኪና በብሎኮች መካከል ማለፍ ሳይችል ሲቀር ምን እንደሚደርስ ነዋሪው ሁሉ ያውቀዋል። ኮብልስቶኑን ለማንጠፍ ከኪሳቸው ያወጡት ሰዎች ከሥራ ሲመለሱ የሚያቆሙበት ቦታ ሲያጡም መቆጣታቸው ይገባናል። የባለቤትዎ መኪና መተላለፊያ ዘግቶ ከነበረ፣ ክርክራችሁ ከላይ ከገለጽነው ይልቅ በጣም ይደክማል፤ ስለዚህ የቆመበትን ቦታ ስፋትና መተላለፊያውን አሁኑኑ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።

ፓራውልቱን በሚመለከት፣ ከጋራዡ ከመውጣታችሁ በፊት መኪናውን በአራቱም ጎን ፎቶ አንሡ፤ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ተጎትቶ እንደሆነ መካኒክ ይመልከተው፤ የጥገናውንም ዋጋ በፕሮፎርማ ያዙ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላው ሰው ላይ የሚደርስን ጉዳት እንጂ የራሳችሁን መኪና ስለማይሸፍን፣ ሙሉ መድን ከሌላችሁ ጥገናውን መጠየቅ የምትችሉት ያስነሣውን ማኅበርና ያነሣውን ክሬን ነው። ባለቤትዎ ያለ ሥራ የቆዩባቸው ቀናት ገቢም በኪሣራው ውስጥ እንዲታሰብ ከወትሮው የገቢ መዝገባቸው ጋር አያይዛችሁ አቅርቡ።

የአከራይዎ ወኪል የሰጡት መልስ ግን አላስደሰተንም። የማኅበሩ አባል አከራይዎ ናቸው፤ የማኅበሩ ስብሰባ ጥሪ የሚደርሰው ለእርሳቸው ወይም ለወኪላቸው ነው። ቦታው በቁጥር መከፋፈሉን እያወቁ ሳይነግሯችሁ አከራይተው ከሆነ፣ የኪሣራው አንድ ክፍል ወደ እርሳቸው የሚሄድበት ምክንያት አለ። ኮብልስቶኑን ለማንጠፍ አዋጥተው ከነበረ ደግሞ ለዚያ ቤት የተመደበ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ያ ቦታ በኪራዩ ውስጥ መካተቱን በጽሑፍ ይጠይቋቸው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መደረግና በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ስለዚህ መብታችሁን ስለጠየቃችሁ ብቻ ነገ ቤቱን ልቀቁ እንባላለን ብላችሁ አትስጉ። ውላችሁ እስካሁን ካልተመዘገበ ይህንኑ ሳምንት አስመዝግቡት፤ ስለ መኪና ማቆሚያውም አንድ አንቀጽ አስገቡበት፤ ከዚያም ውሉን ይዛችሁ ወደ ኮሚቴው በመሄድ ተለጣፊውን በቤቱ ስም ጠይቁ።