የሲጋራ ግብር ዜሮ ክፍልን ይችለዋል?

እህታችን ጥሩ ነገር ነው ያነሳሽው። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ግዛት ውስጥ ከሲጋራ በሚሰበሰብ ግብር ሕፃናት እንደሚማሩ ሰምተሽ፣ "የባህር ዳር ከተማ አስተዳደርስ ይህን ቢያደርግ ምን ይለዋል? ልጄ ለመስከረም 5 ዓመት ይሞላዋል፤ የግሉን መዋዕለ ሕፃናት አልቻልኩትም" ብለሻል። እኔ አባይ ማዶ ትንሽ ሱቅ አለኝ፣ ሲጋራም እሸጣለሁ። በሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጅ መምህር ህብረት (ወመህ) ውስጥ ደግሞ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከተማው ብቻውን አይችልም። ሲጋራው ከፋብሪካ ሲወጣ ኤክሳይስ ታክሱ፣ ማለት እንደ ሲጋራና ቢራ ባሉ የተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ግብር፣ ለፌዴራል መንግሥት ይከፈላል። ከዚያ ሁሉም አንድ ካዝና ነው የሚገባው። የሲጋራው ብር የቱ ነው፣ የቢራው የቱ ነው የሚል የለም። ለክልል በድጎማ ይወርዳል፣ ከክልል ወደ ከተማና ወረዳ ይወርዳል፣ ትምህርት ቤት ሲደርስ አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል።

የካሊፎርኒያው ልዩነቱ ገንዘቡ ገና ከመነሻው በሕግ መታሰሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ በየፓኮው ላይ 50 ሴንት ጨመረ። ብሩም እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት ብቻ እንዲውል ተወሰነ። 80 በመቶው በየካውንቲው (ከግዛቱ በታች ባለው አስተዳደር) ለተቋቋሙ ኮሚሽኖች ይሄዳል፣ ክፍፍሉም እዚያ በተወለዱ ልጆች ቁጥር ነው። 20 በመቶው በግዛት ደረጃ ያለው ኮሚሽን ዘንድ ይቀራል። ሌላዋ ግዛት አሪዞና እ.ኤ.አ. በ2006 በ80 ሴንት ተከተለች። ኮሎራዶም እ.ኤ.አ. በ2020 በኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ላይ ግብር ጥላ፣ በ2023 ለሁሉም ልጅ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ጀመረች።

ያማረ ይመስላል። ግን አስቢው፤ ሰው ማጨስ በተወ ቁጥር የልጆቹ ገንዘብ ይቀንሳል። ካሊፎርኒያ የገጠማት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በየፓኮው ሌላ 2 ዶላር ሲጨመር አጫሽ ይበልጥ እንደሚቀንስ ስለታወቀ፣ የድሮው ፈንድ የሚያጣው ከአዲሱ እንዲተካለት ሕጉ ውስጥ መጻፍ ግድ ሆነ። መንግሥት "አታጭሱ" እያለ የአስተማሪን ደመወዝ ከአጫሽ ኪስ የሚጠብቅበት ነገር ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም።

ወደ እኛ ልምጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ሲጋራ ላይ 30 በመቶና በየፓኮው 8 ብር ጣለ። 8 ብር ለ20 ፍሬ ሲካፈል 40 ሳንቲም ነው። ሱቅ ላይ ግን 40 ሳንቲም የሚባል ጭማሪ የለም፤ ወይ ብር ትጨምሪያለሽ ወይ ትተዪዋለሽ። እኔ ጋ ፓኮ የሚወስዱ ደንበኞች ወደ ፍሬ ወረዱ። ጠዋት ሁለት ፍሬ ይገዛል፣ መስኮቱ ላይ በገመድ ባሰርኩት ላይተር አንዱን ይለኩሳል፣ ሌላዋን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወደ ሥራው። ጥቂቶቹ ጨርሰው ተዉት፣ እሰየው ነው። አንዳንዱ ደግሞ ግብር ነክቶት የማያውቀውን የኮንትሮባንዱን ያፈላልጋል። ከዚያኛው ለሕፃናት ሰባራ ሳንቲም አይገኝም።

አገራችን ደግሞ ዱሮም ብዙ አጫሽ የላትም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ለጤናችን ተመስገን፤ ለፈንድ ግን ቀጭን ነው። "ታዲያ ጫቱስ?" የሚል መኖሩ አይቀርም። እውነት ነው፣ ከከተማችን ወጣ ብሎ በሮቢት በኩል ስታልፊ መስኖ ጠጥቶ የለመለመውን ታያለሽ። ግን እሱ የስንት ገበሬ ጉሮሮ ስለሆነ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፣ እዚህ አልገባበትም።

አሁን ዜሮ ክፍል ውስጥ ግቢና እዪ። የእኛው ለአንደኛ ደረጃ ከተሠሩት ክፍሎች በአንዱ ነበር። ዴስኩ የትልልቅ ልጆች ስለሆነ የትንንሾቹ እግር መሬት አይደርስም፣ ጽሑፍ ሲጽፉ አገጫቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። መምህሯ "ይኼን ዴስክ አንሱልኝና ሰሌን አንጥፉልኝ" ብላ ለመነችን። ከወላጅ መዋጮ ሰሌን ገዛን፣ ክፍሉ ወዲያው ሌላ ሆነ። የረዳቷን ክፍያ ግን በመዋጮ እናደርሳለን ብለን ስንት ወር አበሳችንን አየን። መስከረም ላይ ሁሉም ይከፍላል፤ ጥር ላይ ግማሹ የለም። ክረምት ሲመጣ ጭራሽ ማንን ትጠይቂያለሽ?

እኔ ለሲጋራ ግብር የምሰጠው ቦታም ከዚህ የመጣ ነው። ዝቅ ያለ ወንበር፣ የልጆች ሽንት ቤት፣ አጥር፣ የመምህራን ሥልጠና፤ አንዴ ወጥቶበት ለዓመታት የሚቆይ ነገር ይሠራበት። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎታል፤ ተጨማሪ ክፍል ማስፈለጉ ስለማይቀር ለእሱም ይሆናል። ደመወዝ ግን ከመደበኛ በጀት ይውጣ። ከአጫሽ ቁጥር ጋር ከፍ ዝቅ በሚል ብር መምህር አይቀጠርም።

ይህን ለማስፈጸም ደብዳቤው የሚሄደው ለከንቲባው አይደለም። የኤክሳይስ አዋጁን የሚያሻሽለው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። የመረጥነውን ተወካይ መጠየቅ ያለብንም "ግብር ጨምሩ" ብለን ብቻ ሳይሆን፣ "ከተጨመረው ላይ ይህን ያህሉ ለቅድመ አንደኛ ተብሎ ሕጉ ላይ ይጻፍልን" ብለን ነው።

የልጅሽ ነገር ግን ምክር ቤት አይጠብቅም። ክረምቱ ሳይገባ ሰፈርሽ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄደሽ ምዝገባው መቼ እንደሆነ ጠይቂ፣ የልደት ካርዱን ያዢ። የዜሮ ክፍሉን መምህርትም አግኝተሽ አናግሪያት፤ ስንት ልጅ እንደያዘች፣ ረዳት እንዳላት ከእሷ ትሰሚያለሽ። መዋጮ ከጠየቁሽ ደረሰኝ ተቀበዪ። የለም ካሉሽ ለወመህ ሰብሳቢው ንገሪው።