የመኪና ኤሲ ጥያቄና መልስ ከአዳማ፦ «ጋዙ የት ሄደ?»

ባለ ጌጁ፦ እንደምን አመሻችሁ። አዳማ ላይ የመኪና ኤሲ መሥራት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ ስልኬ እረፍት ስላጣ ዛሬ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት እዚሁ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በላስቲክ ቱቦው በኩል በዓመት ጥቂት ግራም ሊተን ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ። የመኪናውን ዓይነት፣ የተመረተበትን ዓመትና ችግሩ መቼ እንደሚታይ ሳትጽፉ አትጠይቁኝ።

የፍራንኮዋ፦ ጋሼ፣ መኪናዬ የ2007 ቪትዝ ናት። ከሦስት ወር በፊት ጋዝ አስሞላሁ፤ ከሳምንት ወዲህ የምትነፋው ሞቃት አየር ነው። ማስሞላት ስንት ነው?

ባለ ጌጁ፦ እህቴ፣ ስንት ነው ከማለትሽ በፊት የት ሄደ በዪ። ጋዙ ሲወጣ የኮምፕሬሰሩን፣ ማለትም ጋዙን የሚጨምቀውን ፓምፕ፣ ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ዘይቱ ላይ ደግሞ የአዳማ አቧራ ይለጠፋል። ኮፈኑን ክፈቺና የቱቦዎቹን መጋጠሚያዎች፣ ከራዲያተሩ ፊት ያለውንም ኮንደንሰር (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣውን) በእጅ ባትሪ እዪ። ጥቁር ቅባት የያዘ ቦታ ካገኘሽ ሌባው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ግን የኤሲ ጋዝ መሙያዎቹን ክዳኖች ፍቺ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተሞልታ ሁለት ጊዜ ባዶዋን የቀረች ኮሮላ መጣችልኝ። ክዳኑን ፈትቼ በጣቴ የሳሙና ውኃ ጠብ አደረግሁበት። ትንሽ ቆይታ አንዲት አረፋ ተነፋች፣ ፈነዳች፣ ሌላዋ ተከተለች። የላላችው በጎማ መንፊያ ውስጥ እንዳለችው ዓይነት ትንሽ ቫልቭ ናት። ሁለት ጊዜ የሞላላት ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብሎ አላያትም። ስትሞክሪ ቫልቩን በምንም ነገር እንዳትጫኚው፤ የሚተፋው ጋዝ ጣትን በብርድ ያቃጥላል።

ባለ ዶልፊኑ፦ ጋሼ ኤሲዬ አይሠራም፤ ምን ላድርግ?

ባለ ጌጁ፦ መግቢያውን አንብብ።

የደምበላው ጀማሪ፦ ሙያውን እየተማርኩ ነው። ጋዝ ከመሙላት በፊት ከቱቦው አየር የሚስብ የቫኪዩም ፓምፕና ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ገዛሁ። በቪዲዮ ሳይ መርፌው 29 ኢንች ሜርኩሪ ላይ ይደርሳል፤ የእኔ ግን ቀኑን ሙሉ ባሠራው ከ25 አያልፍም። ፓምፑን ልመልሰው?

ባለ ጌጁ፦ ይህን የሚጠይቅ ሰው ስጠብቅ ነበር። ፓምፕህ ጤነኛ ነው፤ ቪዲዮውን የሠራው ሰውዬ ነው ባሕር አጠገብ የሚኖረው። ጌጁ የሚያነበው በውስጥና በውጭ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ጠለል ላይ አየሩ 29.9 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ይጫናል። አዳማ ግን ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ጠቅላላ ግፊቱ ራሱ ከ24 እስከ 25 ቢሆን ነው። የሌለ አየር ከየት ይወጣል? አዲስ አበባ ብትወስደው 22 ወይም 23 ላይ ይቆማል፤ ወደ መተሐራ ብትወርድ ከፍ ይላል። በዚህ ምክንያት ደህና ፓምፕ የጣሉ ባለሙያዎች አውቃለሁ። እዚህ 29 የሚል ጌጅ ካየህ የተበላሸው ጌጁ ነው።

አንተ ቁጥሩን ሳይሆን ሰዓቱን ተከተል። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ሳብ። ዓላማው አየር ማውጣት ብቻ አይደለም፤ ግፊቱ ሲወርድ በቱቦው ውስጥ ያለው እርጥበት ያለ እሳት ይፈላና ተንኖ ይወጣል። እርጥበት ከቀረ ከዘይቱ ጋር አሲድ ይሠራል፣ ጋዙን በጠባብ ቀዳዳ የሚያሳልፈው ማስፋፊያ ቫልቭ ላይም በረዶ ሆኖ ይዘጋል። ስትጨርስ ጌጁን ዝጋና 20 ደቂቃ ጠብቅ። መርፌው ከተንቀሳቀሰ ያፈሳል፤ አትሙላ።

የወንጂው፦ ጎረቤቴ በማብሰያ ጋዝ አስሞልቶ እንደ በረዶ ይነፋለታል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው።

ባለ ጌጁ፦ ያቀዘቅዛል፤ ማን አያቀዘቅዝም አለ? አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ከክሩስኮቱ ሥር ነው፤ ቢያፈስ ጋዙ የሚገባው ተሳፋሪው እግር ሥር ነው። አንድ ሲጋራ ይበቃዋል።

መምህሩ፦ ይቅርታ፣ አዳዲስ የቤት ማቀዝቀዣዎችም እኮ የሚሠሩት በሚቀጣጠል ጋዝ ነው።

ባለ ጌጁ፦ ማቀዝቀዣው ለዚያ ጋዝ ተብሎ የተሠራ ነው፤ መጠኑም ከ150 ግራም አይበልጥም። መኪናህ 500 ግራም ያህል ይይዛል፤ ኮንደንሰሩም ግጭት ሲመጣ መጀመሪያ የሚመታው ነው። ማቀዝቀዣህ በፈጣን መንገዱ ላይ ከሲኖትራክ ኋላ አይሄድም።

የወንጂው፦ በፈጣን መንገዱ ላይ መስኮት መክፈት ነው የሚሻለው፤ ኤሲ ነዳጅ ይበላል።

መምህሩ፦ በዚያ ፍጥነት መስኮት ከተከፈተ ነፋሱ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል።

የወንጂው፦ እኔ ለክቻለሁ።

መምህሩ፦ በምን?

ባለ ጌጁ፦ እሱን ቡና ላይ ጨርሱት። ሌላ ጥያቄ?

የሶደሬ መንገዱ፦ የ2004 ኮሮላ። መንገድ ላይ ጥሩ ያቀዘቅዛል፤ ከተማ ውስጥ ስቆም ይሞቃል።

ባለ ጌጁ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ኮንደንሰሩ ቆሽሿል ወይም ማራገቢያው አይዞርም። ለስለስ ባለ ውኃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እጠበው፤ በኃይለኛ ውኃ ክንፎቹን አታጥፍ።

የቦኩዋ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ይሠራሉ? ጋዟ ሳይቀንስ አይቀርም።

ባለ ጌጁ፦ አልሠራም። የኮምፕሬሰሩ ዘይት የተለየ ነው፤ በተለመደው ዘይት የተበከለ መሣሪያ ከተጠቀሙበት የኤሌክትሪክ መከላከያውን ያበላሻል። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ብርቱካንማ ገመድ ማንም አይንካው። የሠለጠነ ሰው ፈልጊ።

የደምበላው ጀማሪ፦ ስሞላ በጌጁ ብቻ ብለካ አይበቃም? ሞተሩ ጠፍቶ ግፊቱ 95 ፒኤስአይ ካለ ሞልቷል ማለት አይደለም?

ባለ ጌጁ፦ አይደለም! የተለመደው የመኪና ኤሲ ጋዝ፣ አር-134ኤ፣ በ30 ዲግሪ ሙቀት ሞተሩ ጠፍቶ ወደ 97 ፒኤስአይ ያነባል፤ 200 ግራምም ቢኖር 500 ግራምም ቢኖር። ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ የሚነግርህ የቀኑን ሙቀት ነው። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን አንብብ፤ የጋዙ ዓይነትና ግራሙ ተጽፏል። የቀረውን ጋዝ በመሣሪያ ሰብስበህ አውጣ፣ ቫኪዩም አድርግ፣ በሚዛን ሙላ። ትርፍ ጋዝ ግፊቱን ሰቅሎ ኮምፕሬሰር ይገድላል።

ባለ ዶልፊኑ፦ ጋሼ፣ የእኔን አልመለሱልኝም። ኤሲው አይሠራም። ጋዝ ልሙላ?

ባለ ጌጁ፦ አይሠራም ማለት አይነፋም? ይነፋል ግን አይቀዘቅዝም? ኮምፕሬሰሩ ይያያዛል? ያለ ዓይን የማክም መሰለህ? ጋዝ አያልቅም ብያለሁ፤ ስንት ጊዜ ልበል?

ባለ ዶልፊኑ፦ ጨርሶ አይነፋም።

ባለ ጌጁ፦ ይኸውልህ! ጋዝ ምን አገናኘው? ፊውዙንና የውስጥ ማራገቢያውን አስፈትሽ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ መዝጋቴ ነው።

የፍራንኮዋ፦ ጋሼ፣ ክዳኖቹን ፈትቼ የሳሙና ውኃ አደረግሁባቸው። ወፍራሙ ቱቦ ላይ ያለው አረፋ ሠራ።

ባለ ጌጁ፦ ክዳኑን መልሰሽ አጥብቂው። ነገ ጠዋት ጸሐይ ሳይበረታ ነይ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይሞላልሽ።