የበሽታ ስጋት ካርታ ሲሠሩ የትንንሾቹ ወረዳዎች ጥምርታ ተጋኖ ቢወጣ «ልሰርዛቸው ወይ?» ላሉት

አይሰርዟቸው፤ ችግሩ ያለው ጥሬውን ጥምርታ (የተመዘገበው የታማሚ ቁጥር፣ በሕዝቡ ብዛትና ዕድሜ ለሚጠበቀው ሲካፈል) ቀጥታ ካርታ ላይ ማስቀመጥዎ ላይ ነው። በያዙት የስኮትላንድ የከንፈር ካንሰር መረጃ (1975–1980፣ 56 ወረዳዎች) ስካይ-ሎካልሽ 9 ታማሚ ተመዝግቦበት የሚጠበቀው 1.4 ገደማ ነው። ጥምርታው ከ6 ይበልጣል፤ ግን አንድ ታማሚ ቢቀነስ በ0.7 ይወርዳል። ባንፍ-ባከን 39 ለ8.7 ነው፣ ወደ 4.5 ገደማ። ሁለተኛ ሆኖ ቢወጣም በእኔ እምነት ይበልጥ የሚታመነው እሱ ነው።

እንዲህ ያድርጉ፦

1. የታማሚውን ቁጥር በፖይሰን ሞዴል (ለቆጠራ መረጃ የሚሆን የስታቲስቲክስ ሞዴል) ያስገቡ፤ የሚጠበቀው ቁጥር ሎጋሪዝም ኦፍሴት (ሞዴሉ ሳይገምተው እንዳለ የሚደምረው መነሻ) ይሁን።

2. በአር (R) የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ በኢንላ (INLA) ጥቅል ቢዋይኤም2 (BYM2) የተባለውን የአካባቢ ልዩነት ሞዴል ይጨምሩ። አንዱ ክፍሉ ከጎረቤት ወረዳዎች መረጃ ይበደራል፣ ሌላው የወረዳውን የራሱን ልዩነት ይይዛል። መረጃው ያነሰበት ወረዳ ይበልጥ ወደ ጎረቤቶቹና ወደ አማካዩ ይሳባል።

3. ከተስተካከለው ስጋት ጎን፣ ስጋቱ ከ1 (ከሚጠበቀው እኩል ከሆነው) የመብለጡን ዕድል የሚያሳይ ሁለተኛ ካርታ ይስሩ። ከ0.8 በላይ የሆኑትን ብቻ ያድምቁ። አንባቢ ቀለሙን እንጂ እርግጠኛነቱን አያይምና ይህን አይዝለሉት።

4. በግብርና፣ በዓሣ ማጥመድና በደን ሥራ የተሰማራውን ሕዝብ ድርሻ እንደ ገላጭ ተለዋዋጭ ያስገቡ፤ ከልዩነቱ ጉልህ ክፍሉን ያብራራል።

ደሴቶቹን ይጠንቀቁ። የጎረቤት ዝርዝሩን በጋራ ድንበር ከሠሩት ኦርክኒ፣ ሼትላንድና ዌስተርን አይልስ ጎረቤት አልባ ይሆናሉ፤ የሚበደሩበትም አይኖራቸውም። ሞዴሉን ከማስኬድዎ በፊት ዜሮ ጎረቤት ያላቸውን ይቁጠሩ፤ ከዚያ በባሕር መስመር ከሚቀርባቸው ወረዳ ጋር በእጅ ያገናኟቸው፣ ወይም ኢንላ የተነጠሉትን ክፍሎች ለየብቻ እንዲያስተካክል ያዙት። የመረጡትንም ከካርታው ሥር ይጻፉ።