ሥራው ወደ ታይላንድ ሲሄድ የ60 ቀኑ ማስጠንቀቂያ የት ገባ?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ስም ላለው አንድ የሞተር ሳይክል ኩባንያ የነዳጅ ታንክ ቀብቶ በሚያቀርብ ፋብሪካ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ዕድሜዬ 52 ነው። ኩባንያው የአንዳንድ ሞዴሎቹን ምርት ወደ ታይላንድ እንደሚያዛውር ከስምንት ወር በፊት በይፋ ተናግሯል። የእኛ ኃላፊዎች ግን «እኛን አይነካንም» ሲሉን ቆይተው፣ አሁን ፋብሪካው እንደሚዘጋና 140ዎቻችንም በ21 ቀን ውስጥ እንደምንሰናበት በደብዳቤ ነገሩን። ደብዳቤው «ትልቁ ደንበኛችን ባልተጠበቀ ሁኔታ ውሉን ስላቋረጠ» ይላል። የአራት ሳምንት ደመወዝ እንሰጣችኋለን ብለው፣ በ10 ቀን ውስጥ የምንፈርመው ወረቀት አቅርበውልናል። የሠራተኛ ማኅበር የለንም። ሥራውን ወደ ውጭ መውሰዳቸው ሕጋዊ ነው? ብፈርምስ የምጎዳው ነገር አለ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ጉዳይዎን በዋናነት የሚወስነው በመሃል የጻፉት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ይኸውም ኩባንያው ምርቱን እንደሚያዛውር ከስምንት ወር በፊት በይፋ መናገሩ ነው። ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ። የምጠቅሳቸው ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልነሣ። አንድ የግል ኩባንያ ምርቱን ወደ ሌላ አገር እንዳያዛውር የሚከለክል ጠቅላላ ሕግ በአሜሪካ የለም። ስሙ የቱንም ያህል አንጋፋ ቢሆን የንግድ ምልክቱ የባለቤቱ ንብረት ስለሆነ፣ ከተወለደበት ከተማ ወጥቶ በሌላ አገር በተሠራ ሞተር ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ሕጉ የሚጠብቀው ገዢው እንዳይታለል ነው፤ ከውጭ የገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ሊጻፍበት ይገባል፣ «በአሜሪካ የተሠራ» የሚለውንም ያለ ማብራሪያ መጻፍ የሚቻለው ዕቃው ከሞላ ጎደል በሙሉ እዚሁ ሲሠራ ብቻ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ቢኖራችሁ ኖሮ አሠሪያችሁ ቢያንስ መዘጋቱ በሚያስከትላቸው ጉዳዮች ላይ፣ ለምሳሌ በስንብት ክፍያና በጤና መድን ላይ፣ የመደራደር ግዴታ ይኖርበት ነበር። ይህ መንገድ ስለሌላችሁ መብታችሁን የምንፈልገው በማስጠንቀቂያው ሕግ ውስጥ ነው።

በ1988 የወጣውና በተለምዶ «ዋርን አክት» የሚባለው የፌዴራል ሕግ፣ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ሥራቸውን የሚያጡበትን ፋብሪካ ከመዝጋቱ 60 ቀን አስቀድሞ ለሠራተኞቹ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በሳምንት በአማካይ ከ20 ሰዓት በታች የሚሠሩ ወይም ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ከ6 ወር በታች የሠሩ ሰዎች በ100ው ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ ስለዚህ ከ140ዎቻችሁ መካከል እንዲህ ያሉ ስንት እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከሞላና አሠሪው ማስጠንቀቂያውን ካጓደለ፣ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ቀን፣ እስከ 60 ቀን ድረስ፣ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ይከፍላል። የእናንተ 21 ቀን ከ60ው ሲቀነስ 39 ቀን ይቀራል። አብዛኞቹ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች በዚህ ጊዜ ውስጥ ያሉትን የሥራ ቀናት ብቻ ስለሚቆጥሩ ሒሳቡ ወደ አምስት ሳምንት ተኩል ደመወዝ ይጠጋል። ፔንሲልቬንያንና ኒው ጀርሲን የሚያካትተው የሦስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በ1993 በሰጠው ውሳኔ እያንዳንዱ የቀን መቁጠሪያ ቀን እንዲከፈል ስለወሰነ፣ እዚያ ያለ ሠራተኛ የስምንት ሳምንት ያህል ደመወዝ ሊጠይቅ ይችላል። በሁለቱም ስሌት፣ ፈርሙና ውሰዱ የተባላችሁት አራት ሳምንት ሕጉ ያለ ፊርማ ሊያስከፍላቸው ከሚችለው ያነሰ መሆኑን ልብ ይበሉ።

አሠሪያችሁ «ባልተጠበቀ ሁኔታ» የሚለውን ቃል የመረጠው በዘፈቀደ አይመስለኝም። ሕጉ አስቀድሞ በምክንያታዊነት ሊታወቅ ባልቻለ የንግድ ሁኔታ ለሚዘጋ አሠሪ የ60 ቀኑን ጊዜ የማሳጠር ዕድል ይሰጣል፤ የአፈጻጸም ደንቡም ዋና ደንበኛ ትልቅ ውልን በድንገት ማቋረጡን በምሳሌነት ይጠቅሳል። ይሁን እንጂ የማስረዳት ሸክሙ የአሠሪው ነው። ፍርድ ቤቱም የሚመረምረው ኃላፊዎቹ በልባቸው ምን ተስፋ ያደርጉ እንደነበር ሳይሆን፣ በዚያው ንግድ ውስጥ ያለ አስተዋይ ነጋዴ መዘጋቱ የማይቀር መሆኑን መቼ ሊረዳ ይችል እንደነበር ነው። ደንበኛው ምርቱን ወደ ታይላንድ እንደሚወስድ ከስምንት ወር በፊት ለዓለም ከተናገረ፣ የውሉ መቋረጥ ድንገተኛ ነበር ማለት ቀላል አይሆንም። አሠሪው በበኩሉ የተነገረው ስለ አንዳንድ ሞዴሎች ብቻ እንደነበርና የእናንተ ታንኮች ከእነዚያ ውስጥ መሆናቸው የታወቀው አሁን እንደሆነ ሊከራከር ይችላል። አዲስ ደንበኛ እያፈላለግሁ ነበር፣ ማስጠንቀቂያ ብሰጥ ደንበኛው ይሸሸኝ ነበር የሚል መከላከያም ሕጉ ያውቃል። ስለዚህ ትእዛዝ መቀነሱን የሚያሳዩ የሥራ ፕሮግራሞች፣ «አይነካንም» የተባለባቸው ስብሰባዎች ቀንና ያኔ የተላኩላችሁ መልእክቶች ትልቅ ዋጋ አላቸው። እርስዎ የደረስዎትን ወረቀት ሁሉ ይያዙ፤ የኩባንያውን ምስጢራዊ ሰነድ ግን ቀድተው እንዳይወጡ አደራ እላለሁ፣ የጠነከረ ጉዳይ በዚህ ሲበላሽ አይቻለሁና።

በይፋ የተነገረ ቃል በሕግ ፊት ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚሁ ኢንዱስትሪ አንድ ነገር ልጥቀስ። በ1903 በሚልዋኪ የተመሠረተው ሃርሊ ዴቪድሰን፣ የአውሮፓ ኅብረት በጁን 2018 በአሜሪካ ሞተር ሳይክሎች ላይ ቀረጡን ከ6 ወደ 31 በመቶ ከፍ ባደረገ በቀናት ውስጥ፣ ጭማሪው በአንድ ሞተር በአማካይ 2,200 ዶላር ያህል እንደሚደርስና ከዚህ ሸክም ለመዳን ለአውሮፓ የሚሸጠውን ምርት ከአሜሪካ ውጭ ወዳሉ ፋብሪካዎቹ እንደሚያዛውር ለባለአክሲዮኖች በሚቀርብ ይፋዊ ሰነድ ገለጸ። በኋላ የቤልጅየም ጉምሩክ በታይላንድ የተሠሩትን ሞተሮች የታይላንድ ምርት ናቸው ብሎ ቢቀበልም፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2021 ያ ውሳኔ እንዲሻር አዘዘ። ኩባንያው ከስሶ በማርች 2023 ተረታ፤ ይግባኙም በኖቬምበር 2024 ውድቅ ሆነበት። ዝውውሩ በዋናነት ከቀረጥ ለማምለጥ የተደረገ ነው ለተባለበት ድምዳሜ ማስረጃ የሆነው ያው ኩባንያው ራሱ የጻፈው ሰነድ ነበር። የእናንተ ጉዳይ የጉምሩክ ክርክር አይደለም፤ ነገር ግን ደንበኛችሁም ዕቅዱን በጽሑፍ ለሕዝብ አውጥቶ ከሆነ፣ ቀኑ የሰፈረበት ያ ሰነድ «አላወቅንም» ለሚል አሠሪ ከባድ መልስ ነው።

ፊርማውን በተመለከተ ያለኝ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ዛሬ አይፈርሙ። ከማስጠንቀቂያው ሕግ የሚመነጨው የገንዘብ መብት በፊርማ ሊተው የሚችል ስለሆነ፣ ወረቀቱ «ማንኛውንም የይገባኛል ጥያቄ ትቻለሁ» የሚል ከሆነ የ39ኙ ቀን ክፍያ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ዕድሜዎ ከ40 በላይ በመሆኑም፣ በቡድን ለሚሰናበቱ ሠራተኞች የሚቀርብ እንዲህ ያለ ውል የዕድሜ መድልዎን መብት የሚያስተው ቢያንስ 45 ቀን የማሰቢያ፣ ከፈረሙ በኋላም 7 ቀን የመሰረዣ ጊዜ ሲሰጥ ነው። የ10 ቀኑ ገደብ ይህን አያሟላም። በዚህ ግን መዘናጋት አይገባም፤ ጉድለቱ የሚያፈርሰው የዕድሜ መብትን መተውን ብቻ ስለሆነ፣ የማስጠንቀቂያውን ክፍያ የተዉበት ክፍል ጸንቶ ሊቀር ይችላል።

የሚኖሩበትን ግዛት አልጻፉልኝም፤ ይህ ብዙ ይለውጣል። በካሊፎርኒያ ሕግ አሠሪያችሁ የተደገፈበት «ያልተጠበቀ የንግድ ሁኔታ» የሚባለው መከላከያ የለም። በኒው ጀርሲ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ማስጠንቀቂያው 90 ቀን ሲሆን፣ አሠሪው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ሳምንት ደመወዝ በግዴታ ይከፍላል፤ ማስጠንቀቂያው ሲያጥርም ተጨማሪ አራት ሳምንት ይጨመርበታል። በእርስዎ 11 ዓመት ሲሰላ 15 ሳምንት መሆኑ ነው፤ ይህን መብት ለመተውም የሠራተኛው ፊርማ ብቻውን አይበቃም፣ የግዛቱ የሥራ ኮሚሽነር ወይም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ኒው ዮርክም 90 ቀን ይጠይቃል።

በውጭ ንግድ ምክንያት ሥራ ላጡ ሰዎች ሥልጠናና ድጎማ ይሰጥ ስለነበረው የፌዴራል ፕሮግራም የሚነግርዎት ሰው ሊኖር ይችላል። እንደ እናንተ ላሉ አቅራቢ ፋብሪካዎችም ይደርስ የነበረ መልካም ፕሮግራም ነበር፤ ነገር ግን ከጁላይ 2022 ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ የሚጸድቅበት ሥልጣን አብቅቷል። የሥራ አጥ ክፍያውን ከተሰናበቱበት ሳምንት ጀምሮ ያመልክቱ። የአሠሪውን የጤና መድን በራስዎ ወጪ ለመቀጠል ደግሞ ለመወሰን 60 ቀን ይኖርዎታል።

የሥራ ሚኒስቴር የማስጠንቀቂያውን ሕግ በሠራተኞች ስም አያስፈጽምም፤ ክስ የሚቀርበው በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፣ 140ዎቻችሁም በአንድነት መክሰስ ትችላላችሁ። የሚረታው ወገን የጠበቃ ወጪው እንዲተካለት ፍርድ ቤቱ ሊያዝ ስለሚችል፣ ብዙ ጠበቆች ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቁ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ይይዛሉ። የይርጋው ጊዜ እንደየግዛቱ ይለያያል። ለአሁኑ ግን የመፈረሚያው 10 ቀን ከማለቁ በፊት፣ ወረቀቱን ለጠበቃ ለማሳየት ጊዜ እንደሚፈልጉና ሕጉ የሚሰጠው 45 ቀን እንዲጠበቅልዎት የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ለአሠሪዎ ይላኩ፤ የላኩበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂም ለራስዎ ያስቀሩ።